ታደሰ በሐዲዱ ላይ የተሸከመው ድንጋይ

በሰው ትዳር ምን ጥልቅ አደረገኝ? የራሴን ባል ሁለቴ አባርሬ ሁለቴ በሽማግሌ ያስመለስኩ ሴትዮ፣ ላስታርቅ ብዬ ባቡር ተሳፈርኩ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የነፋስ ስልክ ጎረቤቴ የዘነቡ ባል ሲሞት፣ አማቿ ታደሰ ቀብር አልመጣም። ታደሰ አዋሽ ሐዲድ ጠጋኝ ነው። አባቷን ልታስታምም መጥታ የነበረችው ሚስቱ አልማዝ "አባቴን ያልቀበረ ባል ይቅርብኝ" ብላ እናቷ ቤት ቀረች። ክረምቱ ሲጠና "ሄጄ ዕቃዬን አምጥቼ እገላገላለሁ" አለች። "ብቻሽንማ አትሄጂም" አልኳት። ሆዴ የያዘውን ሆዴ ያውቃል።

የይለፍ ወረቀት ልናወጣ ቀበሌ ሄድን። ሊቀመንበሩ "እማማ፣ የጉዞው ምክንያት?" አለኝ።

"ዕቃ ማምጣት ነው፣ ጓድ" አልኩት። ማስታረቅ ነው ብዬው ቢሆን ኖሮ ስብሰባ ይጠራብን ነበር።

ከለገሃር ማለዳ

የሦስተኛ ማዕረግ ወንበር እንጨት ነው፤ የኔም መቀመጫ ከእንጨት አይሻልም፣ ተስማማን። አቃቂን፣ ዱከምን አለፍን። ጤፉ ገና ሣር ነው፣ ዝናቡ አጥቦት ዓይን ይስባል። ሞጆ ላይ ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል በመስኮት ገባልን። ናዝሬት ላይ በስሙኒ ብርቱካን ገዛሁ። አልማዝ "አልበላም" አለች።

"ተኮርፎም እኮ ይጣፍጣል" ብዬ የሷንም ድርሻ በላሁት።

ከናዝሬት ወዲያ

ሙቀቱ ጀመረ፣ ግራሩ በዛ። ብዙም ሳንሄድ ባቡሩ ተንፏቆ ቆመ። ቲኬት ቆራጩ "ውረዱ! ጎርፍ ሐዲዱን በልቶታል!" እያለ መጣ።

ወርደን አየን። ሐዲዱ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ የነበረውን አፈር ጎርፉ ጠርጎታል። ሠራተኞች ጭቃ ተለውሰው ገደሉን በድንጋይ ይሞላሉ። አንዱ ላቡን እየጠረገ "ክረምት ከገባ ቤታችንን አላየንም። ወዲህ ስንጠግን ወዲያ ይፈርሳል" አለን።

ድንገት አልማዝ ክንዴን ጨበጠችኝ። "እማማ፣ ታደሰ!"

እውነትም ታደሰ ትልቅ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደኛ ይመጣል። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ "ማሩኝ" ካለ ይማራል። መምጣታችንን ሰምቶ መሰለኝ።

"እልልልል! ድንጋይ ተሸክሞ መጣልሽ! ማሪው ልጄ!"

የባቡሩ ሰው በሙሉ ከበበን። አንዷ "ስለ ማርያም!" ትላለች፤ አንድ የድሬዳዋ ነጋዴ ኮፍያውን አውልቆ "በነቢ ይሁንብሽ!" ይላል። ታደሰ ዓይኑ ፈጠጠ።

"ኧረ እማማ፣ ይሄ ለሐዲዱ ነው!"

ሳቁ ገደሉን ሞላው። መግቢያ ጠፋኝ። አልማዝ ግን አልሳቀችም።

"አባቴ ቀብር ለምን ቀረህ?"

"መርዶው የደረሰኝ ከተቀበሩ በኋላ ነው። ሐዲዱ ተቆርጦ ነበር፣ ከዚያም የሚለቀኝ አጣሁ።"

"ሰው አትልክም?"

"መላክ ነበረብኝ።"

ድንጋዩን ሊያወርድ ጎንበስ አለ። "እንዳታወርደው!" አልኩት።

ታደሰ እኔን አየ፣ እሷን አየ። እንደተሸከመ ጉልበቱን አጠፈ። "እንግዲያው ላንቺም ይሁን። ማሪኝ አልማዝ።"

የአንገቱ ደም ሥር ተገትሯል። አልማዝ የተላጠ እጁን አየች፣ ገደሉን አየች። "አውርደው በቃ፤ ወገብህ ይቆረጣል" አለችው።

"እዚህ አይወርድም" አለ ታደሰ፣ "ቦታው ገደሉ ውስጥ ነው።" ሕዝቡ እልል ሲል እሱ ድንጋዩን ይዞ ተመለሰ።

ወደ ቤት

አልማዝ ከተሳፋሪው ጋር ገደሉን በእግሯ ዞራ፣ ማዶ በቆመው ባቡር አዋሽ ባሏ ቤት ገባች። እኔ የመጣሁበት ባቡር ወደ ኋላ ሲመለስ አብሬው ተመለስኩ። ዕቃም የለኝ፣ ልጅም የለችኝ፣ ደስታዬ ግን ወንበሩን አስረስቶኛል። ከዚህ መንገድ አንድ ነገር ተማርኩ፤ ሰው ቀረ ብሎ ከመፍረድ በፊት የሚመጣበትን መንገድ ማየት ነው።

ነፋስ ስልክ ደርሼ ለዘነቡ ከነእልልታው አወራሁላት። በነጠላዋ አገጯ ድረስ ተሸፍና እስክጨርስ ሰማችኝ።

"ለእሷስ ተሸከመላት" አለችኝ፣ "ባሌን ያለ አማች የቀበርኩት ግን እኔ ነኝ። የኔን ድንጋይ መቼ ነው የሚያመጣው?"