ቆቅ አለች በማለቴ

ከሚካኤል ጽዋ ማኅበሬ አስወጡኝ። ጥፋቴ ቆቅ አለች ማለቴ ነው።

ከአዲስ አበባ የወፍ ባለሙያዎች መጡ። የመንዝ ቆቅ ከሌላ አገር ዘመዷ በላባዋ ትለያለች ይላሉ። እየጠፋች ይሁን አይሁን ሊያጣሩ አገሬውን በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰብስበው ጠየቁ። ሰዉ ግን ቀድሞ መክሯል፤ ቆቅ አለ ካልን ገደሉንም ጓሳውንም ፓርክ ብለው ይወስዱብናል ተባብሏል። ለጣራ ክዳን፣ ለገመድ፣ ከጓሳ ሌላ ሣር የለንም። ፍርሃቱ ገብቶኛል፤ ውሸቱ ነው ያልተዋጠልኝ።

የማኅበራችን መሪ፣ ሙሴ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ተነሡ። «ቆቅ ድሮ ቀረ፤ ከአባቶቻችን ጋር አለቀ» አሉ። አፋቸውን ሳይዘጉ ቆቋ ከገደሉ አፋፍ ጮኸች። ሁሉም መሬት መሬት አየ።

«ይቺ ታዲያ ማን ናት፣ አባባ? አማትዎ ናቸው?» አልኋቸው።

እንግዶቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ስንበተን ጠጋ ብለው፣ «ፊደል በስተርጅና ቆጠርህ፤ ደግሞ ወፍ ልትቆጥር?» አሉኝ። እውነት ነው፣ ማንበብ የተማርሁት ልጅ ከዳርሁ በኋላ ነው። ታዲያስ?

መባረሬን ማንም አልነገረኝም። በኅዳር ሚካኤል ተራዬ ደረሰ፤ ሚስቴ ጠላ ጠመቀች፣ ድፎ ደፋች። አንድ ሰው አልመጣም። ቄሱ እንኳ በደጄ አልፈው ሄዱ። ጠላው ኮምጥጦ ተደፋ። ሚስቴ ጋኑን እያጠበች «እንግዲህ ያቺ ወፍ ትቅበርህ» አለችኝ።

እኔም ባለሙያዎቹን ገደል ለገደል አዞርኋቸው። ለወፍ ብዬ አይደለም፤ እልህ ይዞኝ ነው።

በዓመቱ ተመልሰው ያንኑ ሰው ሰበሰቡ። ቆቋ ሌላው ጋ ተመናምናለች፣ እዚህ የተረፈችው ሣሩን በአባቶቻችሁ ሥርዓት ስለምትጠብቁ ነው አሉ። ገደሉም ጓሳውም በእጃችሁ ይቆያል፤ በምትፈለፍልበት ወራት ብቻ እሳት አትልቀቁ። የወረዳው ሹም አብሮ ቆሞ አጸናው።

ሙሴው ወዲያው ሰው ላኩብኝ። «ተራህን አዘጋጅ፣ ይቅር ተባብለናል ብለዋል።»

«ማን ከማን ጋር?» አልሁት። ጠላው ግን ተጠመቀ።

ማኅበሩ አንድ ሳይቀር ቤቴ ገባ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ጽዋው ተባረከ። ሽማግሌው ዋንጫቸውን ዘረጉ። እኔ ማሰሮውን እንደያዝሁ ቆምሁ።

«ቃሉን ከአፍዎ ልስማ፤ ከዚያ እቀዳለሁ።»

ዋንጫቸውን እንደዘረጉ አፈጠጡብኝ።

«አንተ ክፉ» አሉኝ።

«ነኝ።»

እጃቸው ዝሎ ዋንጫው ዘመም አለ። «አለች። ቆቅ አለች። በል ቅዳ።»

እስኪፈስ ሞላሁላቸው። ኅዳር 12 ቀን 1994 ዓ.ም. ነበር።