ኮተቤ ያደረስነው መርዶ

ንጋት፣ ወሎ ሰፈር

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ከታናሽ ወንድሜ ከገዛኸኝ ጋር ወደ ኮተቤ ተነሣን። ጉዳያችን መርዶ ነው። ጓደኛው ደሳለኝ ጦር ግንባር ሲሞት ያየው ገዛኸኝ ነው፤ ቀበሌው ግን የደሳለኝን እናት "ልጅዎ ግዳጅ ላይ ነው" ይላቸዋል። ገዛኸኝ ከተመለሰ ወዲህ ሊነግራቸው ይወጣና ካቲካላ ቤት ይቀር ነበር።

እኔ መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ። ወንድሜንም እንደ መኪና ልጠግነው ሞከርኩ። ቆለፍኩበት፣ በመስኮት ወጣ። ፀበል ወሰድኩት፣ በማግስቱ ሰከረ። በመጨረሻ ቁስለኞች ያስታምሙ የነበሩ አንዲት ሲስተር አገኘን። መጠጡን አልሰደቡም። በየሐሙሱ ደሳለኝ የሞተበትን ቀን የቻለውን ያህል ያስወሩታል፤ ሲያንቀጠቅጠው ያስቆሙታል። "ልብህ ግንባር ሲሄድብህ እግርህን መሬት ላይ ተጫን፤ ፊትህ ያለውን ነገር ስሙን ጥራ" አሉት። ካቲካላው ቀስ በቀስ ሸሸ። መርዶውን ራሴ አደርሳለሁ ያለው እሱ ነው።

መገናኛ

ስሙኒ ስሙኒ ከፍለን ውይይት ታክሲ ገባን፤ ፊት ለፊት ያስቀምጣል እንጂ በዚህ ዘመን ማንም አይወያይበትም። መገናኛ ስንደርስ የአንድ ጭነት መኪና ጭስ ማውጫ እንደ ጥይት ጮኸ። ገዛኸኝ ወለሉ ላይ ተደፋ።

"ገና በጠዋቱ!" አለ አንድ ባለካኪ።

"ያሰከረው እናንተ የላካችሁት ቦታ ነው። እግርህን ሰብስብለት!" አልኩት። ባለካኪው እግሩን ሰበሰበ።

ገዛኸኝ ከወለሉ፣ "ቅርጫት... ጎመን... የላስቲክ ጫማ... ጋሼ" እያለ ተነሣ። "አለሁ" አለኝ።

ኮተቤ

አስቀድመን መልእክት ስለላክንባቸው ጎረቤቶችና አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ የደሳለኝ እናት ቤት ገብተዋል። በሩ ላይ ግን ጠመንጃ የያዘ የቀበሌ ጠባቂ ቆሟል።

"ጓዶች፣ ያለ ፈቃድ መርዶ የለም። የጠላት ወሬ ነው።"

"ሲሞት ያየሁት እኔ ነኝ" አለ ገዛኸኝ። "ወሬ ከሆነ እኔንም አብረህ እሰር።"

ጠባቂው ግራ ቀኙን አየ። "እኔ ሽንት ቤት ነበርኩ" ብሎ ሄደ።

በልማዱ የሚያረዳው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ጉሮሮውን ሲጠርግ ገዛኸኝ ቀደመው።

"እማማ፣ ደሳለኝ ሞቷል። አብሬው ነበርኩ።"

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። እናትየው ድምፃቸው ሲደክም፣ "ውሃ አገኘ?" አሉት።

"ከኮዳዬ ጠጣ። ራሱ ጭኔ ላይ ነበር።"

"ድገምልኝ።"

ደገመላቸው። እግሩን አየሁት፤ ወለሉን እንደ ፍሬን ተጭኖታል። ከሰዓት በፊት ድንኳን ተተከለ። ፈቃድ የጠየቀ የለም።

መመለሻ

ክሪክ ያልቻለውን መኪና የጫነውን ዕቃ አራግፈህ ታነሣዋለህ። ይህን ሥራዬ አስተምሮኝ ነበር፤ ለሰውም እንደሚሠራ ያየሁት ኮተቤ ነው።

ወሎ ሰፈር ስንደርስ ካቲካላ ሻጯ ከደጇ ተጣራች። "ገዜ! ቀድቼልሃለሁ!"

ቆመ። ክንዱን ልይዘው እጄን ዘረጋሁና መለስኩት።

"ለቅሶ ላይ ነኝ" አላት።

"ነገስ?"

"ነገም። ሐሙስ ሲስተር ጋ ነኝ። ዓርብ ቀበሌው ለምን አረዳህ ብሎ ከጠራኝ ደግሞ የደሳለኝን ሞት እዚያም እደግመዋለሁ።"