የወፍ ኑግ

ከቤት የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ወደ ኤርፖርት የሚወስደን ሾፌር ጥሩምባ እየነፋ ሲያጣድፈን፣ አባባ ከጓሮ ዞረው መጡና አንድ እፍኝ ኑግ በጨርቅ ቋጥረው አስጨበጡኝ። «ስትደርሺ ዝሪው» አሉኝ። ሌላ ምርቃት የለም።

ሰው አገር ስደርስ፣ ደለስ ኤርፖርት ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ቋጠሮዬን ፈትቶ «የሚበላ ነው የሚዘራ?» አለኝ። እኔ ሞኟ «ሁለቱም» ብዬ እርፍ! ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ባሌ ታደሰ እስከ ዛሬ «ቅመም ነው ብትዪ ምን ነበረበት?» ይለኛል። ለአባባ ግን ጨክኜ አልነገርኳቸውም። በደወልኩ ቁጥር «ዘራሽው?» ይሉኛል፤ «መሬት እየፈለግኩ ነው» እላለሁ።

ለደለስ ቅርብ በሆነችው ከተማችን አሌክሳንድሪያ እግሬ አላርፍ አለ። አፈር ለመርገጥ ሊፍት የሚጠበቅበት አገር! ለሰፈር ነዋሪ የአትክልት ቦታ እንደሚሰጥ ሰምቼ ተመዘገብኩና፣ ዓመት ጠብቄ አንሶላ የምታህል ቁራሽ ደረሰችኝ። እስከ ሰኔ መጨረሻ ምንም ካልበቀለባት ለቀጣዩ ሰው ትሰጣለች።

ያን ሰሞን ሱቅ ውስጥ ምን ባይ ጥሩ ነው? ኑግ! የአገሬ ኑግ፣ የወፍ ሥዕል ያለበት ከረጢት ውስጥ። «የወፍ ቀለብ እኮ ነው፣ ሰው ይስቅብናል» ቢለኝ ታደሰን አልሰማሁትም፤ ዘራሁት። ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ አጎነብሳለሁ። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ምንም።

የቦታው ኃላፊ ሚስተር ዳግ መጣ።

«ምንድን ነው የተከልሽው?»

«ኑግ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

እንግሊዝኛው ጠፋኝ። «ኦይል» አልኩት።

ባዶውን አፈር አየ፣ እኔን አየ። «ኦይል ከሆነ ነዳጅ የሚቆፈርበት ቴክሳስ ይሻልሽ ነበር። ቅዳሜ እመለሳለሁ።»

ከጎኔ የሚቆፍሩት አሮጊቷ ሚስ ሊቢ ሳቃቸውን ለቀቁት። ከረጢቱን ሲያዩ ግን «የኔ ማር፣ ይሄ አይበቅልም። እንዳይበቅል በእሳት አሙቀው ነው የሚያስገቡት» አሉኝ። ለካ የተቆላ እህል ውኃ ሳጠጣ ከርሜያለሁ!

ሲያጽናኑኝ የቅድመ አያታቸውን ነገር አነሱ። ቤተሰቡ ከባሕር ማዶ የመጡ የቼክ አገር ሰዎች ናቸው፤ ኔብራስካ የሚባል ዛፍ የሌለው ሜዳ ላይ ሰፈሩ። መንግሥት «አምስት ዓመት ኑሩበት፣ እረሱት፣ ከዚያ የእናንተ ነው» አላቸው። (እኔም ሲቲዝን እስክሆን አምስት ዓመት ነው የተባልኩት።) ቤታቸውን ከነሣሩ በተቆረጠ አፈር ሠሩት፤ ሲዘንብ ጣሪያው ጭቃ ያንጠባጥባል። ቅድመ አያትየዋ እንደ ኑግ የጠቆረ፣ ዳቦ ላይ የሚደረግ የአገሯን ዘር በቀሚሷ ጠርዝ ሰፍታ አምጥታ ነበር። ነፋስ ወሰደባት። ለእናቷ ግን «አብቧል» ብላ ጻፈች።

«ኋላስ እውነቱን ነገረቻቸው?»

«እናትየው ሳይሰሙ ሞቱ።»

ዓርብ ሚስ ሊቢ ስድስት የቲማቲም ችግኝ ሰጡኝ። ቅዳሜ ሚስተር ዳግ አየና «ኦይሉ ቲማቲም ሆነ?» ብሎ ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጎ ሄደ። መሬቷ ተረፈችልኝ።

መስከረም ሲጠባ እዚያችው ቁራሽ ላይ ቆሜ ደወልኩ።

«መሬት አገኘሁ ብለሽኝ ነበር፤ ያ ኑግ እንዴት ሆነ?» አሉኝ አባባ።

የቀላውን ቲማቲም እያየሁ «አብቧል አባባ፣ ቢጫ በቢጫ ሆኗል» አልኳቸው።

«ተመስገን። የእኛን ዘንድሮ በረዶ መታው፤ ለዘር እንኳ አልተረፈም። ከዚያኛው ሲደርስ ላኪልኝ።»

«አባባ…» አልኩ።

«ብዙ አይደለም ልጄ። አንድ እፍኝ፣ በጨርቅ ቋጥረሽ።»