እናቴ ለቫልቮቹ የዘመረችበት ቀን

ዛሬ ወልቂጤ፣ አንድ የራዲዮ ጥገና ቤት በር ላይ የጋለ አቧራ ሸተተኝና ቆምኩ። ቡታጅራ ያለው የልጅነት ቤቴ ትዝ አለኝ።

የአባቴ ድምፅ ማጉያ አሮጌ ነበር፤ ድምፁን የሚያጎሉ፣ እንደ ትንንሽ አምፖል የሚበሩና ሲግሉ አቧራ አቧራ የሚሸቱ የመስታወት ቫልቮች ነበሩት። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሌሎች ቫልቮች ይዞ መጣ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር የተቀዳችበትን ካሴት ከፈተና፣ እሷንም ማጉያው አጠገብ አቁሞ፣ "እስቲ አብረሽ ዘምሪ" አላት። ከዚያ ቫልቮቹን እያቀያየረ እኔን ይጠይቀኝ ጀመር።

"የትኛው ነው እናትሽን የሚመስለው?"

ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። የመጀመሪያው ጥርት ያለ ነው፤ ሁለተኛው ግን ትንፋሿን ሳይቀር ያሰማል።

"ይሄኛው!" አልኩ።

እናቴ ሳቀች። "እኔ እያለሁልህ ምን አደከመህ?"

"ለኋላ ነው" አላት አባቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ኋላ ማለት መቼ እንደሆነ አልገባኝም። በሳምንቱ እናቴ እንቅርቷን በቀዶ ሕክምና ልታስወጣ ሄደች። በደህና ተመለሰች፤ ድምጿ ግን አባቴ እንደፈራው ሻክሮ ቀረ።

ዛሬ እዚያው የጥገና ቤቱ በር ላይ ሆኜ ደወልኩላት።

"እማዬ፣ ያ ማጉያ አሁንም ይሠራል?"

"እንዴታ!" አለችኝ በሻካራ ድምጿ። "ትናንትም ያቺን የካሴቷን እኔን ከፍቼ አብሬያት ስዘምር ነበር።"