ደረጃው ላይ የቆመችው ሴት

አማቴ አንድም መጽሐፍ አንብበው የጨረሱ አይመስለኝም። እኔም የመኪና መለዋወጫ ሻጭ ነኝ፤ ከደረሰኝ ሌላ የማነበው ነገር የለም፣ በዚህ በዚህ እንግባባለን። ልዩነታችን እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የመጽሐፍ ሽፋን ሲሥሉ የኖሩ ሰው መሆናቸው ነው። በማተሚያ ቤቶቹ ሰፈር ጋሽ ቀለም ይሏቸው ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ተጀምረው ትራስ ሥር የሚያልቁትን፣ እነዚያን ባለ ስስ ሽፋን ልብ ወለዶች ያለበሷቸው እሳቸው ናቸው። ሽጉጥ የደገነ ሰው፣ የሚቃጠል መኪና፣ የምታለቅስ ሴት። ስማቸው አንዱም ላይ የለም። ለምን ሲባሉ፣ «የደራሲውን ስም እንኳ አሳስተው ያትማሉ፣ የኔን ደግሞ ምን ሊያደርጉት ነው?» ይላሉ።

ባለቤቴ የጋሽ ቀለም ብቸኛ ልጅ ናት። እናቷ የሞተችው እሷ ገና ዳዴ ሳትል ነው። የነበሩትን ጥቂት ፎቶግራፎች አንድ ክረምት ቤት የገባው ጎርፍ ሣጥን ውስጥ እንዳሉ እርስ በርስ አጣበቃቸው፤ ለማላቀቅ ሲሞከር መልኩ ሁሉ ተልጦ ቀረ። ስለዚህ ሚስቴ የእናቷን ፊት አታውቀውም። ሲከፋት አባቷ የሚሏት አንድ ነገር ነበር፤ «እናትሽን ሽፋን ላይ ሥያታለሁ እኮ። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ ደረጃ ላይ ቆማ። ስንትና ስንት ቅጂ ታትማለች፣ የት ትሄዳለች?» ያን ያህል የታተመ ነገር ይጠፋል ብሎ ማን ያስባል? ነገ ዛሬ ሲባል፣ ማንም ሳይፈልጋት ሚስቴ ራሷ ሽበት አበቀለች።

ከዚያ የዓይን ግፊቱ መጣ። በሽታው የጋሽ ቀለምን ዓይን ከዳር ከዳሩ በልቶ፣ መሀል ላይ የቁልፍ ቀዳዳ የምታክል ነገር ብቻ ተወላቸው፤ እሷም እየጠበበች ነበር። ሐኪሙ ዙሪያ ጥምጥም የማያውቅ ሰው ነው። «ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ አሁን ይዩት» አላቸው። ከክሊኒኩ ወጥተን መኪናውን ሳላስነሳ ሚስቴ፣ «ያቺን መጽሐፍ እንፈልጋት» አለችኝ። እንቢ የሚያሰኝ አልነበረም። አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች ሴት በየሽፋኑ ሞልታለች፤ በጣቱ ነክቶ «ይህቺ ናት እናትሽ» የሚል ሰው ግን በምድር ላይ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እየታወረ ነው።

በከተማችን ያሉትን አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች አዳርሰን ባዶ እጃችንን ስንቀር፣ ሱቄን ለወንድሜ ሰጥቼ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች የሚወስደውን መንገድ ያዝን።

«ለመሆኑ የመጽሐፉ ርዕስ ምን ይባላል?» አልኳቸው፣ ገና ከከተማ ሳንወጣ።

«ምኑን አውቄው? ሥዕሌን አስረክቤ እወጣለሁ። ርዕሱን የሚለጥፉት እነሱ ናቸው።»

«ደራሲውስ?»

«አንተ ብሎን ስትሸጥ ማን እንደቀጠቀጠው ትጠይቃለህ?»

እንግዲህ ርዕስም ደራሲም የሌለው መጽሐፍ ነው የምንፈልገው። ደሜ ፈላ፤ ሚስቴ ከኋላ ወንበር ትከሻዬን ባትነካኝ ኖሮ መኪናውን አዙሬ እመለስ ነበር።

የመጀመሪያው ሱቅ ከአንድ ፀጉር አስተካካይ ቤት ጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ነበር። መጻሕፍቱ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ ለብል የተረጨው መድኃኒት ዓይን ያቃጥላል። የሱቁ ባለቤት ወፈር ያለች፣ መርፌና ክር ከእጇ የማይለይ ሴትዮ ናት። አረንጓዴ ቀሚስ፣ ደረጃ፣ እያልን ስንነግራት አላስጨረሰችንም።

«እኔ ጋ ሽፋን የሚባል ነገር የለም፣ እናንተዬ» አለች። እውነቷን ነበር፤ መጻሕፍቷ ሁሉ ቡናማ ካርቶን ለብሰው እንደ ወታደር አንድ ዓይነት ሆነዋል። «እኔ የማከራየው ሰው የሚወደውን ነው። ስስ ሽፋን ደግሞ ሁለት ሰው እጅ ከገባ አለቀለት። ስለዚህ ገና ሲመጣ ገንጥዬ በካርቶን እሰፋዋለሁ።»

«የገነጠልሽውንስ የት ታደርጊዋለሽ?» አለች ሚስቴ።

«ባለ ሱቆቹ ይወስዱታል። ስኳር ይጠቀለልበታል፣ ሳሙና ይጠቀለልበታል።»

ጋሽ ቀለም ከት ብለው ሳቁ። «አየህ፣» አሉኝ፣ «በየቤቱ ገብቻለሁ ማለት ነው።» ሚስቴ አልሳቀችም። ከካርቶኖቹ አንዱን አንስታ ስትዳብሰው አየኋት፤ ምናልባት ይኸው ራሱ ይሆናል እኮ፣ በምን ይታወቃል? አንጀቴን በላችው።

በየደረስንበት ያው ነበር። ካርቶን ያላለበሱት፣ የተቀደደውን በተጣባቂ ፕላስተር ሸፍነውታል። የተወደደ መጽሐፍ ሽፋኑን ያጣል፤ ሽፋኑ የሚተርፍለት ማንም ዞር ብሎ ያላየው ብቻ ነው። እነዚያን ጋሽ ቀለም አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው፣ ራሳቸውን ወዲያና ወዲህ እያሉ ቁራጭ በቁራጭ ይመለከቱና፣ «ይሄማ የኔ ነው! ግዙልኝ» ይላሉ። እንገዛለን። የኋላ ወንበሩ እስኪሞላ ድረስ ማንም ያልወደዳቸውን መጻሕፍት ስንሰበስብ ከረምን። የደረቡት ካፖርት አቧራ በአቧራ ሆኗል፤ የበር መቃን እየመታቸው ግንባራቸው አብጧል። ያደርንበት ቤት ሁሉ የቧንቧ ውሃ ከሚገባው በላይ ሲፈስ እሰማለሁ፤ ሚስቴ መታጠቢያ ቤት ገብታ ታለቅሳለች ማለት ነው። እኔ ደግሞ ጠዋት ስነሳ ምክንያት ፈልጌ እቆጣለሁ፤ በጎማው፣ በሻዩ፣ በመንገዱ። ሌላ ምን ማድረግ እንደምችል አላውቅም ነበር።

በመጨረሻው ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ አንድ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ የከፈታት ቆርቆሮ ቤት አለች። ሰውዬው መጽሐፍ ከመሸጥ ይልቅ ከመንገደኛ ጋር ማውራት የሚወድ ነው። አንዱን ጥግ በአገጩ አሳየን፤ «ያ ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ ሳይሸጥ ከመጋዘን የተመለሰ ነው። እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ። ሚስቴ ተንበረከከች። እኔ ተስፋ ቆርጬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ድንገት አንድ መጽሐፍ ይዛ ወደ ብርሃኑ ወጣች። አረንጓዴ ቀሚስ። ደረጃ። የደረጃውን መደገፊያ የያዘች ሴት፣ ዞር ብላ የምታይ።

አባቷን በክንዳቸው ይዛ መኪናው ዘንድ አደረሰቻቸው። ጋሽ ቀለም መጽሐፉን ፊታቸው ላይ ለጥፈው ብዙ ቆዩ።

«እሷ ናት» አሉ። ድምፃቸው ተቆራረጠ። «እሷ ናት፣ ልጄ። ይህቺ ናት እናትሽ።»

ያን ጊዜ እኔ ጎማውንም ሻዩንም ይቅር አልኩ።

ሚስቴ ግን ሥዕሉን ትክ ብላ አየችው። ደስታ ያፈዛት መስሎኝ ነበር። ከዚያ የመኪናውን በር ከፍታ የተሰበሰቡትን መጻሕፍት ታቅፋ መጣችና በመኪናው ኮፈን ላይ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። ከሽጉጠኛው ኋላ የተደበቀችው ሴት። ከሚቃጠለው መኪና የምትሮጠው። የምታለቅሰው። እኔ የማልረባው እንኳ አየሁት፤ ቅንድቡ ያው ነው፣ ከንፈሩ ያው ነው፣ አገጩ ያው ነው። በየሱቁ ስናያት የከረምናት አንዲት ሴት ናት።

«አባዬ፣ እነዚህስ?»

ጎንበስ ብለው ከአንዱ ወደ አንዱ ሄዱ። ፊታቸው በራ። «እኔ እኮ ሳላስበው ነው! ካለፈችም በኋላ እጄ እሷኑ ሲሥል ኖሯል ለካ!»

ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት? ሚስቴ የምታለቅሰዋን አንስታ ሰጠቻቸው። «ይህቺንስ መቼ ነው የሣልካት?»

«ይህቺማ የመጀመሪያ ሥራዬ ናት» አሉ፣ እየሳቁ። «ገና ወንደላጤ ሳለሁ። ማተሚያ ቤት እንደተቀጠርኩ፣ እናትሽን ገና ሳላውቃት...» ክው ብለው ቀሩ።

አንድ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ ከመናኸሪያው ወጣ። እኔ ዝምታ አልችልበትም። «ምናልባት ሥዕልዎን የምትመስል ሴት መርጠው ይሆናላ ያገቡት!» አልኩ። የሳቀልኝ የለም።

«አስቁሜ ነው የሣልኳት» አሉ ጋሽ ቀለም፣ በቀስታ። «የተከራየንበት ቤት ደረጃ ላይ። እግሬ ደነዘዘ እያለች ስታማርር ትዝ ይለኛል። ድምጿ ትዝ ይለኛል። ፊቷን ሳስብ ግን የሚመጣልኝ ይሄ ነው።» ሽፋኑን በአውራ ጣታቸው ደባበሱት። «ይሄ ደግሞ የእጄ ልማድ ነው። ማንንም ባስቆም ይሄንኑ ነበር የምሥለው። እሷን... እሷን አልያዝኳትም።»

ሕይወቴን ሙሉ ሰው እንዲህ ቅስሙ ሲሰበር አላየሁም። ይዘውት የኖሩት ነገር በእጃቸው ላይ ወረቀት ሆነ። ሚስቴን ልያዝ ወይስ እሳቸውን እያልኩ ተገተርኩ።

ሚስቴ አላለቀሰችም። መጽሐፉን ከእጃቸው ተቀብላ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠችው፤ ከዚያ ፊት ለፊታቸው መጥታ ቆመች።

«እኔን እየኝ፣ አባዬ» አለች። «እመስላታለሁ?»

ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ዓይናቸው ሳቡት። በዚያች በተረፈቻቸው ቀዳዳ ግንባሯን አዩ፤ ወደ ቅንድቧ ወረዱ፣ ወደ አፍንጫዋ፣ ወደ ከንፈሯ፤ ተመልሰው ደግሞ ከላይ ጀመሩ። ሥራ ላይ ያሉ ይመስል ትንፋሻቸውን ውጠው ነበር።

«አላውቅም፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ።

ፊቷን ግን አልለቀቁትም።