ከበሮው የሚያርፍበት

ሰርግ ላይ መውጫው አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ወይ የቸኮለ ነው ወይ የተቀየመ። ቀዳማይ ወያነ ሰፈር በተጣለው ዳስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ግን ሁለቱንም አትመስልም። ቀሚሷ ሰፍቷታል፤ መቀነቷን ወገቧ ላይ ሳይሆን ከፍ አድርጋ ደረቷ ስር አስራዋለች። ጓይላ የሚጨፍሩት በፊቷ ባለፉ ቁጥር ቀኝ መዳፏ ጉልበቷን ይመታል፤ ግራ እጇ ከሆዷ ጎን አይነሣም።

አንዲት ልጅ ከበሮውን ከአንገቷ አውልቃ መጣች።

«ኣደይ፣ ያለ እርስዎ አልሞቀም። እንኩ!»

ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አልችልም፣ ጓለይ። ዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞቹ አድነውኛል። ግን ከአንጀቴ የሚወጣውን አሁን ሆዴ ላይ የተለጠፈ ከረጢት ነው የሚቀበለው። ከበሮው ደግሞ የሚያርፈው ልክ እሱ ላይ ነው።»

ሴትዮዋ ፈገግ ብላ የከበሮውን ማንገቻ ለልጅቷ ቁመት አሳጠረችውና መልሳ አንገቷ ላይ አጠለቀችላት።

«ሂጂ፣ አሙቂልኝ።»

ከበሮው እንደ አዲስ ሲመታ ዓይኗን ጨፈነች። ሆዷን ሲጠብቅ የቆየው ግራ እጇ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ቀኙም ከጉልበቷ ላይ ተነሥቶ ትይዩው ቆመ። በሁለቱ መዳፎቿ መካከል ልክ የከበሮ ያህል ቦታ ነበር።