ፀሐይ የሚገባው ቤት

የባሌ ታላቅ እህት ቤት መምረጥ የሚያውቅ ሰው ከእሷ በቀር የለም ብላ ታምናለች። ዳንግላ ስንጋባ የገባንበትን ቤት የመረጠችው እሷ ናት፤ እንጅባራ ስንዛወርም እሷው። መዳፏን ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች፤ ከቀዘቀዛት «ይሄ የሳንባ በሽታ ቤት ነው» ብላ ትወጣለች። በእርግጥ ክረምት ላይ ጉሙ ሳይጋበዝ መደብ ላይ በሚቀመጥበት አገራችን ዛፍ ያጠላበትን ቤት ማንም አይወድም።

ባጃጅ እንጅባራን ባጥለቀለቀበት ሰሞን ባሌን ቁርጥማት ጉልበቱን ያዘው። ሐኪሙ ቆላ ውረዱ አለን፤ ልጃችን ድሬዳዋ ትሠራ ነበርና እዚያ ለመኖር ቆረጥን። ዕድሜዬን በሰው ምርጫ ኖሬአለሁ፤ የመጨረሻውን ቤት እንኳ እኔ ልምረጥ ብዬ ተመኘሁ። የጉዟችን ዕለት ግን እትዬ ቀድማን መኪናው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን።

ደላላው መጀመሪያ ያሳየን ቤት ግቢው ውስጥ ትልቅ ዛፍ ነበረው፤ ነፋስ እንደ ልቡ ይገባበታል።

«ይሄ ይሁን» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ! ወንድሜን በጥላ ልትገይው ነው?» አለች እትዬ።

ሁለተኛው ቤት ገላጣ ቦታ ላይ የተሠራ፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነበር። መዳፏን ለጠፈች። ፊቷ በራ።

«ኧረ ይሞቃል! ፀሐይስ ደህና ይገባዋል?»

«አንቺ እናት፣ እዚህ ቤት ፀሐይ አይገባም፤ ነዋሪ ነው» አላት ደላላው።

የነገራትን ትታ «አንቺ» ስላላት ተቆጣች። የድሬ ሰው ትልቁንም ትንሹንም አንቺ እንደሚል ማን ይንገራት? ባሌ መሬት መሬት እያየ «እንግዲህ እትዬ ካለች…» አለ። ገባን።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይወጣል። እትዬ ጋቢዋን እንደለበሰች «ደስ የሚል ሙቀት!» እያለች ላቧን በጫፉ ትጠርጋለች። ግትርነቷን አደንቅላታለሁ፤ ሌላ የማደንቅላት ነገር የለም። በሳምንቱ ባሌ ከተቀመጠበት ሊነሣ ሲል ራሱን ስቶ ወደቀ። ውኃ አፍስሰን ነፍሱ ስትመለስ ማንንም ሳላማክር ደላላው ዘንድ ደወልኩ። ባለ ዛፉ ቤት አልተያዘም ነበር።

«ልትሄጂ ነው?» አለኝ ባሌ ዕቃዬን ስሸክፍ።

«አዎ። አንተ እትዬ ካለች ቅር።»

እህቱን አያት፤ እኔን አየኝ። ከዚያ በርጩማውን አንሥቶ እያነከሰ ተከተለኝ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ በራሱ ሲወስን ያየሁት ያን ቀን ነው። እትዬ በነጋታው ወደ አገሯ ተሳፈረች።

ከዓመታት በኋላ እንጅባራ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ እትዬ ሴቶቹን ሰብስባ ታወራለች፦ «እዚያ በረሃ ለቤት ዋናው ጥላ ነው። ባለ ዛፉን ቤት እኔ ባልመርጥላቸው ኖሮ ወንድሜ ዛሬ አይኖርም ነበር!» ሴቶቹ ምስጋናውን አዥጎደጎዱላት። አንዷ ወደ እኔ ዞራ «ዕድለኛ ነሽ፣ እንዲህ ያለች ታላቅ አለችሽ» አለችኝ።

ያን ቀን ዝም አልኩ፤ ለቅሶ ቤት ነበርና። አሁን ግን ያለሁት ለቅሶ ቤት አይደለም።